ፈትቶ መግጠም

በመኪና ፍቅር ያበዱ ፈረንጆች ዘንድ የምትነገር አንዲት ነገር አለች፤ ከርካሽ ፖርሽ የበለጠ ውድ መኪና የለም ይላሉ። ፖርሽን አውጥተው ፌራሪን የሚተኩባትም አሉ። ሲሰሟት የሀብታም ቀልድ ትመስላለች። ውላ አድራ ግን የደሞዝተኛ ሒሳብ ሆና ትገኛለች።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። አዲስ ሳለች ቤት የምታሸጥ የስፖርት መኪና ሃያ ዓመት ሲሞላት ዋጋዋ ወርዶ ወርዶ ካንዲት ተራ ቶዮታ እኩል፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ይሆናል። የመለዋወጫዋ ዋጋ ግን አብሯት አይወርድም። የመካኒኩ የሰዓት ክፍያም እንደዚያው። መኪናዋ አርጅታ፣ ፍሬኗና ፍሪሲዮኗ አሁንም የሙሽርነት ዘመኗን ዋጋ ይጠይቃሉ። እናም “አገኘኋት!” ብሎ በጥቂት ሺህ ዶላር የገዛት ሰው ዓመት ሳይሞላው ሦስት መንገድ ፊቱ ይደቀናል፤ ለሌላ ባለ ምኞት መሸጥ፣ ሸራ አልብሶ ግቢ ውስጥ ማቆም፣ ወይም እጅጌን ጠቅልሎ ከሥሯ መግባት።

ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ስለ ሦስተኛው ዓይነት ሰው ነው። ወሬው ከጀርመንና ከእንግሊዝ ይነሳ እንጂ ዋናው ነገር የተፈጸመው እዚሁ አጠገባችን፣ ባሕሩን ተሻግራ ባለችው የኤደን ወደብ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፌያቸዋለሁ፤ መኪኖቹ የእነሱ ናቸውና።)

አንድ ወዳጅ አለኝ። ዋሽንግተን ዲሲ ለብዙ ዓመት መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሠርቷል። እዚያ የኖረ ያውቀዋል፤ ከሕንፃው ምድር ቤት ወርዳችሁ የመኪናችሁን ቁልፍ የምትሰጡት ሰው “ደህና ዋላችሁ?” ቢላችሁ የሚያስደንቅ ነገር የለውም። የወዳጄ ሥራ የሰው መኪና ተቀብሎ ማቆምና ማታ መልሶ ማምጣት ነበር። “ያልነዳሁት መኪና የለም” ይለኝ ነበር በስልክ። “ፌራሪም፣ ፖርሽም፣ ጃጓርም ነድቻለሁ። ከሁለተኛ ማርሽ ግን አልፌ አላውቅም።”

በ2004 ይህ ሰው የ1986 ስሪት የሆነች፣ እንደ በርበሬ የቀላች ፖርሽ 944 ገዛ። የከፈለው ገንዘብ ጎረቤቱ አሮጌ ካምሪውን ከሸጠበት ያንስ ነበር። ሚስቱ ሁለት ሳምንት አላነጋገረችውም።

ስለዚች መኪና ትንሽ ልበላችሁ፤ ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቮልስዋገን “አንድ የስፖርት መኪና ንደፉልኝ” ብሎ ለፖርሽ ሥራ ሰጠ። የፖርሽ መሐንዲሶች ወጪ ለመቆጠብ የቮልስዋገንን መደርደሪያ እያዩ ነደፉ፤ የፊት እግሯን ከጎልፍ፣ የኋላ ክንዷን ከእኛይቱ ከቮልስ፣ ሞተሯን ከኦዲ ወሰዱ። ይኸው ሞተር ኤልቲ የተባለችዋን የዕቃ መጫኛ ቫን ሳይቀር ሲጎትት የኖረ ነው። በ1973 የነዳጅ ቀውሱ መጣና ቮልስዋገን “ይቅርብኝ” አለ። ፖርሽ ንድፉን መልሶ ገዝቶ 924 ብሎ አወጣት። አክራሪዎቹ የፖርሽ ወዳጆች “ይቺ ደግሞ ምኗ ፖርሽ ነው፣ የቮልስ የልጅ ልጅ!” ብለው አፌዙባት። በ1982 ታናሽ እህቷ 944 ስትመጣ ለእነዚህ ሰዎች አፍ ማስያዣ ይዛ ነው የመጣችው፤ ሞተሯ የራሱ የፖርሽ ነው፣ የትልቋ ባለ ስምንት ሲሊንደር የ928 ሞተር ለሁለት ተሰንጥቆ ግማሹ ማለት ይቀላል። አሜሪካ ስትገባ ዋጋዋ 18,450 ዶላር ነበር። ከቆዳዋ ሥር ግን ዘመድ አዝማዱ አልጠፋም። የመጀመሪያዎቹን 944ዎች ከሥር ገብቶ ያየ የአዲስ አበባ የቮልስ መካኒክ የኋላ ክንዷን ቢያውቀው አይፈረድበትም።

944 ሁለት ክፉ ጠባይ አላት። አንዱ ቺንጋዋ ነው። ባልቦላዎቹን የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ዘንግ የሚያዞረው የላስቲክ ቺንጋ ነው። ትልቅ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር መንዘፍዘፉ ስለማይቀር ደግሞ፣ ንዝረቱን የሚያበርዱ ሁለት ዘንጎች ከሚትሱቢሺ ፈቃድ ተገዝቶ ተጨምረውላታል፤ እነሱም የራሳቸው ቺንጋ አላቸው። እነዚህ ቺንጋዎች በየጥቂት ዓመቱ መቀየር አለባቸው። ተነዳችም አልተነዳችም ለውጥ የለውም፣ ላስቲክ ቆሞም ያረጃል። አልቀይርም ያለ ሰው አንድ ቀን አውራ ጎዳና ላይ ይበጠስበታል። ያኔ ፒስተኑ ሽቅብ ሲመጣ ባልቦላው ተከፍቶ ይጠብቀውና ይላተማሉ። ባልቦላው ይጣመማል፣ ቴስታታው ይወርዳል፣ ሒሳቡ ከመኪናዋ ይበልጣል።

ሁለተኛው ፍሪሲዮኗ ነው። ክብደቷ ከፊትና ከኋላ እንዲመጣጠን ብለው ሞተሯን ከፊት፣ ካምቢዮዋን ከኋላ አስቀመጡት፤ ሁለቱን በረዥም ቱቦ ውስጥ የሚያልፍ ዘንግ ያገናኛቸዋል። መንገድ አያያዟ በዚህ ምክንያት ግሩም ነው። ፍሪሲዮን ለመቀየር ግን ማርሚታው ይወርዳል፣ ካምቢዮው ይወርዳል፣ ያ ቱቦ ወደ ኋላ ይሳባል። ይባስ ብሎ ከፋብሪካ የመጣው ፍሪሲዮን መሐሉ ላስቲክ ነበር፤ ላስቲኩ ሲደርቅ ይፈረካከሳል።

ለዚህ ነው እንዲህ ያለች መኪና የሚገዛ ሰው ከቀለሟ በፊት ወረቀቷን ማየት ያለበት። ቺንጋው መቼ ተቀየረ? ማን ቀየረው? ደረሰኙ የታለ? እኛ አገር መኪና የሚገዛ ሰው መካኒክ ይዞ ይሄዳል፤ መካኒኩ ኮፈኑን ይከፍታል፣ የዘይቱን መለኪያ መዝዞ በጣቱ ያሻል፣ ጆሮውን ያቀናል፣ ከዚያ አንዲት ነገር ሳይናገር ገዢውን በዓይኑ ይጠቅሰዋል። ግሩም ፈተና ነው። ግን የ944 ቺንጋ ሊበጠስ አንድ ቀን ሲቀረውም ድምፅ ላያሰማ ይችላል። የሚናገረው ወረቀቱ ብቻ ነው።

ወዳጄ የቺንጋውን ደረሰኝ አይቶ ነበር የገዛው። በስምንተኛው ወር ፍሪሲዮኑ ሄደ። ጋራዥ ወሰዳት። ተሠልቶ የተሰጠው ዋጋ መኪናዋን ከገዛበት ይበልጣል። አጎንብሶ ወጣና ወደ መጽሐፍ መደብር ሄደ።

መጽሐፉ ጠንካራ ልባስ ያለው ነው፤ ሽፋኑ ላይ መኪናዋ ግማሽ አካሏ ተገልጦ፣ አንጀትና ሳንባዋ እየታየ በእጅ ተስላለች። ሄይንስ ይባላል። ውስጡ በፎቶግራፍ የተሞላ ነው፤ ይህን ብሎን ፍታ፣ ይህን ቧንቧ ንቀል፣ ከሥር ዕቃ አስቀምጥ ዘይቱ ይፈስሳል፣ እያለ እንደ ታላቅ ወንድም እጅ ይዞ ይመራል። የእያንዳንዱን ሥራ ክብደት በመፍቻ ሥዕል ቆጥሮ ይነግራል፤ አንድ መፍቻ ለጀማሪ፣ አምስት መፍቻ ለባለሙያ። እንግሊዞች የሚስቁበትም ነገር አለው፤ ሃያ መስመር ስለ አፈታቱ ያስረዳና አገጣጠሙ ላይ ሲደርስ በተፈታበት ተቃራኒ ግጠም ብሎ ያልፋል። እጁ በግራሶ ተለውሶ፣ ሦስት ብሎን ተርፎት የቆመን ሰው በዚያች መስመር ማጽናናት አይቻልም።

አሁን ወደ ኤደን።

ጆን ሄይንስ በ1938 ሲሎን፣ በዛሬዋ ስሪላንካ፣ ሻይ እርሻ ላይ የተወለደ እንግሊዛዊ ነው። በአሥራ ሁለት ዓመቱ እንግሊዝ አገር አዳሪ ትምህርት ቤት ገባ። ራግቢ አይሆንለትም። ለምኖ ከራግቢው ነጻ ወጣና በዚያው ሰዓት ኦስቲን ሰቨን የምትባል አሮጌ ርካሽ መኪና ይፈታታ ጀመር። በዚያ ዘመን ኪሱ የሳሳ እንግሊዛዊ ወጣት እንዲህ ያለችዋን መኪና ገዝቶ፣ አካሏን አውልቆ ጥሎ፣ በላሜራ የስፖርት መኪና ልብስ ያሰፋላት ነበር። ሄይንስም የራሱን ሠርቶ ሸጠ። እንዴት እንደ ሠራት የሚጠይቀው ሰው ሲበዛ ጊዜ ትንሽ መጽሐፍ ጽፎ ሥዕሎቿን ራሱ ሣለ። ይህ በ1956 ነው። 250 ቅጂዎች በዐሥር ቀን አለቁ።

ከዚያ ሮያል ኤር ፎርስ ገባ። በ1965 ኤደን ተመደበ። ኤደን ለእኛ ሰው እንግዳ አይደለችም፤ ቡናችንና ቆዳችን በጅቡቲ በኩል ስንት ዘመን ወደዚያ ሲሻገር ኖሯል። እንግሊዞች ከ1839 ጀምሮ ይዘዋታል፤ መርከብ ሁሉ ነዳጅ የሚቀዳባት፣ ቀረጥ የሌለባት ወደብ ነበረች። በ1965 ግን የነጻነት ትግሉ ተፋፍሞ ቦምብ በየመንገዱ የሚወረወርበት፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀበት ዘመን ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ኅዳር 1967፣ እንግሊዞች ጓዛቸውን ጠቅልለው ወጡ።

በዚያ ሙቀትና በዚያ ሽብር መሐል አንድ የሥራ ባልደረባው ኦስቲን ሂሊ ስፕራይት ይገዛል። ያገለገለች የስፖርት መኪና፣ በጣም የተጎዳች። ባልደረባው ሄይንስን “ባክህ አግዘኝ” አለው። የፋብሪካውን የጥገና መጽሐፍ አገላብጠው አዩት። መጽሐፉ የተጻፈው ልዩ መሣሪያ ለታጠቀ የኩባንያ ጋራዥ ነው፤ ግቢው ውስጥ ካቻቢቴ ይዞ ለቆመ ባለ መኪና የሚለው ነገር የለም። ሄይንስ ካሜራ አነሳ። መኪናዋን ከላይ እስከ ታች ፈቷት፣ እያንዳንዱን እርምጃ ፎቶ አነሳ፣ መልሰው ገጠሟት፤ እሱንም አነሳ። በ1966 መጽሐፉ ታተመ። የመጀመሪያው 3,000 ቅጂ ሦስት ወር ሳይሞላ አለቀ። ሄይንስ በ1967 ከአየር ኃይሉ ወጥቶ ሙሉ ጊዜውን ለማተሚያ ቤቱ ሰጠ። ከዚያ ወዲህ ደንቡ አልተለወጠም፤ መኪና ይገዛል፣ እስከ መጨረሻው ይፈታል፣ ይገጠማል፣ የሆነው ይጻፋል። በጠቅላላው ከ200 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። ሄይንስ በ2019 በሰማንያ ዓመቱ ሞተ።

መኪናዋም ለዚህ ዕድል የተፈጠረች ነበረች። ስፕራይት በ1958 ስትወጣ ዋጋዋ 669 ፓውንድ ነው። ፋሬዎቿ ኮፈኑ አናት ላይ ስለተጎለቱ እንግሊዞች እንቁራሪት ብለዋታል። ሞተሯ 948 ሲሲ፣ ከተራዋ የቤተሰብ መኪና ከኦስቲን ኤ35 የተወሰደ ነው። መሪዋ ከሞሪስ ማይነር የመጣ ነው። ከውጭ የበር እጀታ የላትም፣ የኋላ ዕቃ መጫኛዋም መክፈቻ የለውም፤ ሻንጣህን በወንበሩ ጀርባ ነው የምታስገባው። የፊት አካሏ ግን ከነፋሬው፣ ከነፓራፋንጎው በአንድ ላይ ብድግ ይላል፤ ሲከፈት ሞተሩ እንደ ገበያ ዕቃ ሜዳ ላይ ተዘርግቶ ይታያል።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ነገር ልጨምር። መሐንዲስ ወረቀቱ ላይ መስመር ሲያሰምር መኪናዋን ማን እንደሚጠግናት አብሮ ይወስናል። ከ1984 ጀምሮ የወጣችውን ፌራሪ ቴስታሮሳ ውሰዱ። ባለ አሥራ ሁለት ሲሊንደር ሞተሯ ከሹፌሩ ጀርባ ተወትፏል፤ ቺንጋዋን ለመቀየር ሞተሩ መውረድ አለበት። በ1990ዎቹ የወጣችው ኤፍ355ም እንደዚያው። ስለ ቺንጋ ነው የማወራው፣ ስለ አንድ ክንድ ላስቲክ! በ1999 ሞዴና 360ን ሲያወጡ ከወንበሩ ጀርባ መክፈቻ አበጁላት፤ ሞተሩ ሳይወርድ ቺንጋው ተቀየረ። ስለዚህ ሲፈልጉ ይችላሉ ማለት ነው።

ሰው ግን ፌራሪንም ቢሆን አንድ ጊዜ ደፍሯት ነበር። በ1960ዎቹ ያረጀች የውድድር መኪና ያው አሮጌ ብረት ናት፤ ዛሬ ተሸቀዳድማ ነገ የሚፈልጋት የለም። ከ1962 እስከ 1964 ፌራሪ 36 ብቻ የሠራት 250 ጂቲኦ የምትባል መኪና አለች፤ አዲስ ሳለች አሜሪካ ውስጥ 18,000 ዶላር አካባቢ ነበረች። ከነዚህ አንዷ ቴክሳስ ውስጥ ቪክቶሪያ በምትባል ከተማ ላለ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በስጦታ ተሰጠች። ለመኪና ጥገና ትምህርት! በ1972 ትምህርት ቤቱ በ6,500 ዶላር ሸጣት። በ2023 የአንዲት ሌላ እህቷ ዋጋ በጨረታ 51.7 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። እኔን ከሚሊዮኑ ይልቅ ክፍሉ ነው የሚታየኝ፤ ዩኒፎርም የለበሰ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ካንዴላ ቁልፍ ይዞ እዚያች ሞተር ላይ ሲያጎነብስ፣ መምህሩ “ቀስ! አታጥብቀው!” ሲለው። ዛሬ ያችን መኪና ሊነካ የሚችል ሰው በዓለም ላይ ስንት ነው? ዋጋዋ ሲሰቀል ከልጆች እጅ ወጣች፤ አሁን የመድን ድርጅት ሳይፈቅድ ኮፈኗ አይከፈትም።

ወደ እኛ ቤት ልመልሳችሁ። እስካሁን ያወራሁበትን ቋንቋ ልብ ብላችኋል? ፍሬን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ቺንጋ፣ ቴስታታ፣ ባልቦላ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ኮፈን፣ ካቻቢቴ። የአዲስ አበባ ጋራዥ ጣልያንኛ ነው የሚናገረው። ጣልያን የመጣበትን ሳያገኝ ሲወጣ ጋራዡንና የመፍቻውን ስም ትቶ ሄደ። ከዚያ በኋላ ፊያቷ መጣች፣ ሴቼንቶዋ ታክሲ ሆነች። በደርግ ጊዜ ላዳ ስትመጣም ቋንቋው አልተቸገረም፤ ላዳ ራሷ የፊያት 124 ልጅ ናት፤ ሶቪየቶች ከፊያት ጋር በ1966 ተዋውለው፣ ላሜራዋን አወፍረው፣ በ1970 ቶሊያቲ ላይ ማምረት የጀመሯት። ከተማዋም የተሰየመችው በጣልያን የኮሙኒስት መሪ ስም ነው። መካኒኩ ኮፈኗን ከፍቶ “ውይ! አውቅሻለሁ እኮ” ቢላት እውነቱን ነው።

እኛ ፖርሽ ባይኖረንም ስለ ፈትቶ መግጠም የሚያስተምረን የለም። የስፖርት መኪና ያለው ፈረንጅ ለፍቅር ብሎ የሚያደርገውን የእኛ ሰው ለእንጀራ ብሎ ሲያደርገው ኖሯል። የውጭ ምንዛሪ በጠፋበት ዘመን መለዋወጫ አይገባም፤ የተሰበረው ወደ ቶርኖ ቤት ይሄዳል፣ የተቀደደው ይበየዳል፣ የማይገጥመው በሞዲፊክ ይገጥማል። የጎደለ ካለ ሶማሌ ተራ አለ። የሃምሳ ዓመት ቮልስ ጎማዋን ዘርግታ ዳገት ስትወጣ የምናያት በዚህ ጥበብ ነው።

የሚያሳዝነኝ አንድ ነገር ነው። ይህ ሁሉ ጥበብ ያለው በሰው እጅ ላይ ነው። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የማውቃቸው አንድ አዛውንት መካኒክ ነበሩ። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ያደርጋሉ፤ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። “ሦስተኛዋ ናት” ይላሉ። ተፈትቶ ሲታይ ሦስተኛዋ ባልቦላ ናት። አንድ ቀን “ጋሼ፣ ይሄን እንዴት ለዩት?” ብዬ ጠየቅኋቸው። “ታለቅሳለቻ!” አሉኝ። አሁን በሕይወት የሉም። ላዳን በምን የፔጆ ዕቃ እንዳዳኗት፣ የትኛው የመኪና ጓርኒሲዮን ለየትኛው እንደሚሆን፣ የትኛውን ብሎን በግራ እንደሚፈቱት፣ ሁሉንም ይዘውት ሄዱ። ረዳቶቻቸው የቀሰሙትን ቀስመዋል። ያልጠየቁት ቀርቷል። ኤደን ላይ አንድ ሰው ካሜራ ባያነሳ ኖሮ የዚያች የተጎዳች ስፕራይት ጥገናም የሁለት ሰዎች ትዝታ ሆኖ ይቀር ነበር።

በሌላ በኩል በሩ እየጠበበ መጥቷል። አዲስ መኪና ሲታመም ኮምፒዩተር ይሰካበታል፤ ኮምፒዩተሩ የሚነግረውን ቋንቋ ደግሞ አምራቹ ቁልፍ አድርጎ ይዞታል። የማሳቹሴትስ ሕዝብ በ2012 በድምፁ “ለአከፋፋዩ የምትነግሩትን ለሠፈር ጋራዡም ንገሩ” ብሎ ሕግ አስወጣ፤ መኪኖቹ መረጃቸውን በአየር መላክ ሲጀምሩ በ2020 እንደገና ወጥቶ መረጠ። የሄይንስ ድርጅትም በ2020 መጨረሻ ለአዳዲስ መኪኖች የወረቀት መጽሐፍ ማሳተም እንደሚያቆም አስታወቀ። እኛ ጋ በ2024 መጀመሪያ መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉን ተናገረ፤ የኤሌክትሪክ መኪኖች ጋራዡ በር ላይ መቆም ጀመሩ። ካንዴላ የላቸው፣ ባልቦላ የላቸው፣ ማርሚታ የላቸው። ካቻቢቴው ላይ ጆሮ ቢደገፍ የሚያለቅስ ነገር የለም። ስማቸውን የምንጠራበት ቋንቋ ራሱ ጣልያንኛ መሆኑ አብቅቷል።

የወዳጄን ፖርሽ መጨረሻ ሳልነግራችሁ። ፍሪሲዮኗን ለመቀየር አራት ቅዳሜና እሑድ ፈጀበት፤ መጽሐፉ ሦስት መፍቻ ይሁን አራት ሰጥቶት እንደነበር አላስታውስም። ቱቦው እንቢ ባለው ሌሊት ደውሎ “አንተ፣ አባትህ መካኒክ ነበሩ አይደል? አንድ ነገር ንገረኝ” አለኝ። የአባቴ ሙያ ልብስ ስፌት መሆኑን አስታወስኩት። በመጨረሻ ገባችለት። ሚስቱም አብራው ወጣች፤ አውራ ጎዳናው ላይ እስከ አምስተኛ ማርሽ።

ባለፈው ሰሞን ጎፋ አካባቢ አንድ ጋራዥ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነበር። ሃያ ዓመት የማይሞላው ረዳት አለ፤ በእረፍት ሰዓት ከደረት ኪሱ የተማሪ ደብተር አወጣ። ሽፋኑ ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል። ጌታው “አንተ ልጅ፣ ደግሞ መጻፍ ጀመርክ!” ብለው ተቆጡት፤ እሱ ሳቀና ቀጠለ። “ልየው?” አልኩት። ሰጠኝ። የላዳ ካምቢዮ ነው፤ በእስክሪብቶ የተሣለ፣ ከጎኑ በአማርኛና በጣልያንኛ ስም የተጻፈበት። የእያንዳንዱን ጥርስ ቁጥር ቆጥሮ አስፍሯል። ታች ላይ፣ በሁለት ቀይ መስመር ተሰምሮበት፣ እንዲህ ይላል፦ “ሦስተኛዋ ስትገጠም መጀመሪያ ቀለበቱ ይግባ፤ ጋሼ ነው ያሳየኝ።”